ሙሽራው ይምጣ፣ አጃቢው ይቅር፦ ሊኑክስ ሰርቨርን ያለ ትርፍ ፓኬጅ መትከል

የአጎቴ ልጅ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የኅትመት ሱቅ አለው። ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ጊጋ ራም፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ። «እስቲ ይቺን ሰርቨር አድርግልኝ» አለኝ። የደንበኛ ትዕዛዝ የሚመዘገብባት አንዲት ገጽ፣ የጋራ ፋይል ማስቀመጫ፣ ሌሊት ሌሊት ባክአፕ። በቃ፣ የፈለገው ይሄን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀመርኩ። ኢንተርኔቱ ከስልኬ ነው፤ ወርኀዊ ጥቅል ገዝቻለሁ። ዴቢያንን (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ የሊኑክስ ዓይነት ነው) ከፍላሽ አስነሳሁ። ጥያቄዎቹን እየመለስኩ ሄድኩ። አንዱ ምርጫ ላይ ሳላነብ ኢንተር መታሁና ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ወይ ጉድ! ባለ መስኮት ዴስክቶፕ፣ ሙሉ የቢሮ ፕሮግራም፣ ጨዋታ ሳይቀር እየወረደ ነው። ያውም ስክሪኑ ለተሰነጠቀ ኮምፒውተር። ጥቅሌ እዚያው አለቀ።

ሠርግ ላይ አንድ ሙሽራ ጠርታችሁ አርባ አጃቢ ቢመጣ ማስተናገዱ የናንተ ዕዳ ነው። ሶፍትዌርም እንደዚያ ነው። አንድ ፓኬጅ፣ ማለትም ታሽጎ የሚመጣ ፕሮግራም፣ ስትጠሩ ተከትለውት የሚመጡትን የሙያው ሰዎች «ዲፔንደንሲ» ይሏቸዋል። እኔ አጃቢ እላቸዋለሁ። ይሄ መመሪያ አጃቢውን በር ላይ መቁጠር ነው። በዴቢያን ነው የምሄደው፤ ኡቡንቱ የምትጠቀሙም ትንሽ ቀየር እያደረጋችሁ ትሠሩበታላችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናሉ ላይ ስትተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ሰረዙ፣ ነጥቡ፣ ክፍት ቦታው እንዳለ። አጠራራቸው ከአጻጻፋቸው የሚለየውን እዚያው እነግራችኋለሁ። ትዕዛዞቹ በሩት፣ ማለትም በዋናው አስተዳዳሪ፣ መብት ነው የሚሠሩት።

ትርፍ ፓኬጅ ምን አጠፋ?

ዳታ ይበላል። ራም ይበላል። ዝማኔ በመጣ ቁጥር አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ዳታ እንደገና ይበላል። ይሄን ማንም ያውቀዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የ2024ቱ የኤክስዜድ ጉዳይ ነው።

ኤክስዜድ ፋይል መጭመቂያ ነው። አብሮት የሚመጣው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚዋሱት ኮድ) ሊብኤልዜድኤምኤ ይባላል። 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት እትሞቹ ውስጥ አንድ ሰው የጓሮ በር ቀብሮበት ተገኘ። የተቀበረው ኤስኤስኤች በሚባለው ከሩቅ መግቢያ በኩል ሰርቨር ውስጥ ለመግባት ነው። ያገኘው የማይክሮሶፍት ኢንጂነር የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነገሩን ጎርጉሮ ደረሰበት። ግማሽ ሰከንድ!

ለኛ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ግን ይሄ ነው፦ ኤስኤስኤችን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ ራሱ ሊብኤልዜድኤምኤን አይጠቀምም። ዴቢያንና ሌሎች ጥቂት የሊኑክስ ስርጭቶች ናቸው «ተነስቻለሁ» የምትል አጭር መልእክት ለሲስተምዲ (ሰርቪሶችን ለሚያስነሳው ፕሮግራም) እንዲልክ ብለው ከሱ ላይብረሪ ከሊብሲስተምዲ ጋር ያያያዙት። ሊብሲስተምዲ ደግሞ ሊብኤልዜድኤምኤን ይዞ መጣ። ለአንዲት መልእክት ሲባል የመጣ የአጃቢ አጃቢ ማለት ነው፤ ሌባው የገባው በሱ በኩል ነው። ኋላ ላይ ኦፕንኤስኤስኤች ያቺን መልእክት ያለ ላይብረሪው በጥቂት መስመር ኮድ እንዲልክ ተደረገ። ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር ማለት ነው። ለነገሩ የተረጋጋውን ዴቢያን የሚጠቀም ሰው ያን ጊዜ አልተነካም፤ የተበከለው እትም የደረሰው በሙከራ ላይ ወዳሉት ዴቢያኖች ብቻ ነበር።

አንደኛ፦ ወረቀትና እስክሪብቶ

ፍላሹን ከመሰካታችሁ በፊት ሰርቨሩ የሚሠራውን ጻፉ። የፕሮግራም ስም አትጻፉ፤ ሥራውን ጻፉ። የኔ ወረቀት ላይ «ትዕዛዝ መመዝገቢያ ገጽ፣ የጋራ ፎልደር፣ ባክአፕ፣ ከቤት ሆኖ መግባት» ይላል። አራት ነገር። በኋላ አንድ ፓኬጅ ልትጭኑ ስትሉ ከአራቱ የትኛውን እንደሚያገለግል ጠይቁ። መልስ ከሌለው አይገባም።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ማሠልጠኛዎች ግማሾቹ የፕሮግራም ስም ነው የሚሰጧችሁ። «መጀመሪያ እነዚህን ሃያ ፓኬጆች ጫኑ» ይላሉ። ጸሐፊው ለራሱ ሥራ የጫነውን ነው። እናንተ የሱን ሥራ አትሠሩም።

ሁለተኛ፦ ያቺ ምርጫ

ዴቢያን ኔትኢንስት የሚባለውን ትንሹን አይኤስኦ (የመትከያ ፋይል) አውርዱ። መሠረቱን ብቻ ይዞ የቀረውን ከኔትወርክ ያመጣል። መጨረሻው አካባቢ የሶፍትዌር ምርጫ የሚል ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እኔ የተቃጠልኩት እዚያ ነው። ዴስክቶፑና ግኖም የሚባለው የመስኮት ገጽታ አስቀድመው የኮከብ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ምልክቱን የሚያነሳው ስፔስ ነው። ኢንተር ከመታችሁ ምርጫው እንዳለ ያልፋል፤ እኔም ቡናዬን ልጠጣ እሄዳለሁ።

በስፔስ ሁሉንም አንሱ። ኤስኤስኤች ሰርቨር የሚለውን ብቻ ምልክት አድርጉበት። «ስታንዳርድ ሲስተም ዩቲሊቲስ» የሚለውንስ? እኔ አንስቼዋለሁ። የሚያስፈልገኝን አንድ በአንድ ብመልስ ይሻለኛል። በመጀመሪያው ቀን የመለስኩት ማን-ዲቢን ነው፤ የማኑዋል ገጽ ማንበቢያው ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ጉግል የለም፤ ማኑዋሉ ግን አለ። እሱን ትርፍ የሚል ሰው እዚህ አገር ሰርቨር አላስተዳደረም።

የኡቡንቱ ሰርቨር ኢንስቶለርም «ሚኒማይዝድ» የሚል ምርጫ አለው፤ እሱን ውሰዱ። «አልፓይን ሊኑክስስ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልፓይን ከሁሉም ቀጭን ነው፤ ዲስክ ላይ ሲጫን 130 ሜጋ ባይት ገደማ ይበቃዋል። እኔ ያልመረጥኩት እኔ ባልኖር ሱቁን የሚደርስለት ልጅ የሚያውቀው ዴቢያንና ኡቡንቱን ስለሆነ ነው። ቅጥነት ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኛ፦ አጃቢው ሦስት ዓይነት ነው

ዴቢያን አጃቢዎችን በሦስት ይከፍላቸዋል። «ዲፔንድስ» ሙሽሪት ናት። ያለሷ ሠርግ የለም። «ሪኮሜንድስ» ሚዜዎቹ ናቸው። ያለነሱም ሠርጉ ይሆናል፣ ግን ብዙ ሰው እነሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ሰጀስትስ» ደግሞ ባንዱና ካሜራ ማኑ ናቸው፤ ቢኖሩ ጥሩ ነው።

አፕት የሚባለው ፓኬጅ አምጪ ዴቢያን ላይ ሙሽሪትንም ሚዜዎችንም ሳይጠይቅ ያመጣል። ባንዱን ይተወዋል። ጣጣው ሚዜ ላይ ነው፤ ሚዜም የራሱን ሙሽሪትና የራሱን ሚዜ ይዞ ይመጣል። በዚህ መንገድ ነው የዲስክ መከታተያ ስትጭኑ ኤግዚም የሚባል ሙሉ የኢሜይል ሰርቨር የሚገባው። ዲስክ ለማጣመር የሚያገለግለው ኤምዲአድም ይሄን ያደርጋል። ዲስክ ሲበላሽ ኢሜይል ሊልክላችሁ ነው ሐሳቡ። ደግ ሐሳብ ነው፣ ግን እኔ ኢሜይል አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ሚዜዎቹን በነባሪ እናስቀራለን። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ እንዲህ ነው፦

አፕት ኢንስቶል --ኖ-ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ የፓኬጁ-ስም

ለዘለቄታው ግን «/ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ/» ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል ፍጠሩ። ስሙን 99 ብላችሁ ጀምሩት። ውስጡ አንድ መስመር ነው። መጀመሪያ ኤፒቲ በትልቁ ፊደል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ ምልክት በተከታታይ ሁለት ጊዜ፣ ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ፣ ክፍት ቦታ፣ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ፎልስ፣ መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን። ኢንስቶልም ሪኮሜንድስም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። ሴሚኮለኑን ከረሳችሁ አፕት ይጮኻል፤ አትደንግጡ።

ይሄን ሌላ ምንም ነገር ሳትጭኑ አድርጉት። ምክንያት አለው። አስቀድሞ የገባ ሚዜን አፕት በኋላ «ትርፍ ነው» ብሎ አያወጣውም። የመከረው ፓኬጅ እስካለ ድረስ እሱም መኖር አለበት ብሎ ነው የሚያስበው።

አራተኛ፦ ቀለበቱ ግን ሚዜው ኪስ ውስጥ ሊሆን ይችላል

ሚዜዎቹን ካስቀራችሁ በኋላ አንድ ቀን ቀለበቱ ይጠፋል። እኔ ላይ የደረሰው በጊት ነው። የትዕዛዝ ገጹን ኮድ ለማምጣት ጊትን ጫንኩ፣ ጎተትኩ፣ እምቢ አለ። የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ማረጋገጥ አልቻልኩም ይላል። ሰዓቱን አየሁ፣ ትክክል ነው። ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁ። አንድ ሰዓት ያህል ኔትወርኩን ስሳደብ ቆየሁ።

ነገሩ ሲኤ-ሰርቲፊኬትስ የሚባል ፓኬጅ ነው። የትኛውን ሰርተፍኬት ሰጪ እንደምናምን የሚነግር ዝርዝር ነው። ያለሱ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው የድረ ገጽ ግንኙነት) ሁሉ ይታመማል። ጊት የሚያመጣው በሚዜነት እንጂ በሙሽሪትነት አይደለም። እኔም ሚዜ አይምጣ ብያለሁ። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ በስሙ ጠርታችሁ ጫኑት፦

አፕት ኢንስቶል ሲኤ-ሰርቲፊኬትስ

ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር ስትጭኑ አፕት ራሱ የተዋቸውን ሚዜዎች ይዘረዝርላችኋል። «የተመከሩ ፓኬጆች» የሚል ርዕስ አለው፤ በእንግሊዝኛ። ዝርዝሩን አንብቡ። ስሙን የማታውቁት ካለ «አፕት ሾው» ብላችሁ ስሙን ጻፉ፤ በሦስት አራት መስመር ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። የሚያስፈልግ ከሆነ በስሙ ጥሩት።

አምስተኛ፦ ከመጫን በፊት ልምምድ፤ የፒኤችፒ ነገር

ይሄኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። የሱቁ ገጽ ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ገጹን የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ የሚባል ዌብ ሰርቨር ነው (ሲጻፍ ኤን፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤክስ)። ኤንጂንኤክስን ጫንኩ። ቀጥሎ ፒኤችፒን ከመጫኔ በፊት ልምምድ አደረግሁ፦

አፕት -ኤስ ኢንስቶል ፒኤችፒ

«-ኤስ» ማለት አስመስል ነው። ምንም አይጭንም፣ የሚያደርገውን ብቻ ይነግራል። ዝርዝሩ ውስጥ አፓቺ2 አለ! አፓቺ ሌላ ሙሉ ዌብ ሰርቨር ነው። ሚዜ አስቀርቼ የለም እንዴ? አስቀርቻለሁ። ይሄ ግን ሚዜ አይደለም፣ ሙሽሪት ነው።

ምክንያቱን ላሳያችሁ። «ፒኤችፒ» የሚለው ፓኬጅ ባዶ ነው፤ ወደ ትክክለኛው እትም የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው። ዴቢያን 12 ላይ ወደ ፒኤችፒ8.2 ይመራል። እሱ ደግሞ «ከሦስቱ አንዱ ያስፈልገኛል» ይላል፦ የአፓቺ ሞጁል፣ ወይም ኤፍፒኤም፣ ወይም ሲጂአይ፤ ሦስቱም ፒኤችፒን ማስኬጃ መንገዶች ናቸው። አፕት ከሦስቱ አንዱም ከሌለ የመጀመሪያውን ይወስዳል። የመጀመሪያው የአፓቺው ነው። እንደዚያ ጭናችሁት ቢሆን ኖሮ ሁለት ዌብ ሰርቨር ለአንድ የኔትወርክ በር፣ ለወደብ 80፣ ሲጣሉ ታዩ ነበር። ኤንጂንኤክስ ይዞታል፣ አፓቺ መነሳት ያቅተዋል፣ እናንተ ደግሞ ቀዩን ስሕተት ይዛችሁ ፎረም ለፎረም ትዞራላችሁ።

መፍትሔው የምትፈልጉትን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ነው፦

አፕት ኢንስቶል ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ፒኤችፒ-ኤስኪውላይት3

(ሁለተኛው ስም ሲጻፍ ፒኤችፒ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ኤስ፣ ኪው፣ ኤል፣ አይ፣ ቲ፣ ኢ፣ 3 ነው።) አፓቺ ድራሹም የለም። ሥራው ያው ነው።

ከዚህ አንድ ልማድ ያዙ። አፕት «ልቀጥል?» ብሎ ሲጠይቅ ከጥያቄው በላይ ያለውን አንብቡ። ስንት አዲስ ፓኬጅ፣ ስንት ሜጋ ባይት ይወርዳል፣ ዲስኩ ላይ ስንት ይይዛል፣ ሁሉም ተጽፏል። «-ዋይ» የምትለውን ጨምራችሁ ጥያቄውን አትዝለሉ። ጥያቄው ካልመጣም አትገረሙ፤ የጠራችሁት ብቻውን የሚመጣ ከሆነ አፕት ሳይጠይቅ ይጭነዋል።

ስድስተኛ፦ ቀለል ያለው ወንድም

ብዙ ፓኬጅ ቀለል ያለ ወንድም አለው። ጃቫ ከፈለጋችሁ «ዲፎልት-ጄአርኢ» አትበሉ፤ «ዲፎልት-ጄአርኢ-ሄድለስ» በሉ። ሄድለስ ማለት ስክሪን አልባ ነው፤ የመስኮትና የሥዕል ላይብረሪዎቹ ይቀራሉ። ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ አርታዒ ለምትወዱ «ኢማክስ-ኖክስ» አለ። የፓኬጅ ስም መጨረሻ ላይ ኖክስ፣ ሄድለስ፣ ታይኒ፣ ላይት የሚል ስታዩ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት፤ ለሰርቨር ብዙ ጊዜ የሚሆነው እሱ ነው።

ዳታቤዝም እንደዚሁ። ማሪያዲቢ ለሱቃችን ምን ያደርጋል? በቀን ሠላሳ አርባ ትዕዛዝ ቢመዘገብ ነው። ኤስኪውላይት አንድ ፋይል ነው። ጀርባ ላይ የሚሮጥ ሰርቪስ የለውም፣ የይለፍ ቃል የለውም፣ ወደብ አይከፍትም። አንድ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ቢሆን ሌላ እል ነበር።

ለፋይል መጋሪያ መጀመሪያ ያሰብኩት ምንም ላለመጫን ነበር። ኤስኤፍቲፒ የሚባለው ፋይል ማስተላለፊያ ከኦፕንኤስኤስኤች ጋር አብሮ ይመጣል፣ በቂ ነው። ግን የሱቁ ልጆች ዊንዶውስ ላይ ነው የሚሠሩት፣ ፎልደር ከፍተው ፋይል መጎተት ነው የለመዱት። ሌላ ፕሮግራም ክፈቱ ብላቸው በሁለተኛው ቀን በፍላሽ መቀባበል ይጀምራሉ። ስለዚህ ለዊንዶውስ ፎልደር የሚያጋራውን ሳምባን ጫንኩ። ከነአጃቢው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ባክአፑ አርሲንክ (ፋይል ገልባጩ) እና ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው) ነው፤ ክሮን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አለ። እዚህ ጋ ግን ሰዓቱን ተጠንቀቁ። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» አስቤ 8 ብዬ ጻፍኩ። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ 8 ለሱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ልክ ሱቁ ሲከፈት ሰርቨሩ ማጓራት ይጀምር ነበር። ትክክለኛው ቁጥር 2 ነው። የሰዓት ክልሉን በ«ታይምዴትሲቲኤል» አዲስ አበባ ላይ ማድረግም አይረሳ።

በዌብ የሚሠሩ የሰርቨር ማስተዳደሪያ ፓነሎችን አልጫንም። ለአራት ሥራ ፓነል ማምጣት ለአንድ ኩባያ ቡና ድንኳን መትከል ነው።

ሰባተኛ፦ እገዳ

የማትፈልጉትን አስቀድማችሁ በር ላይ አግዱት። «/ኢቲሲ/አፕት/ፕሪፈረንስስ.ዲ/» ውስጥ አንድ ፋይል ክፈቱ። ሦስት መስመር ነው፦

ፓኬጅ፦ አፓቺ2* ኤግዚም4*
ፒን፦ ሪሊስ ኤ=*
ፒን-ፕራዮሪቲ፦ -1

አሉታዊ አንድ «በፍጹም አታምጣ» ማለት ነው። ሁለት ነጥቡ የእንግሊዝኛው መሆን አለበት። ኡቡንቱ ላይ ስናፕዲን (የኡቡንቱን ሌላ ፓኬጅ አምጪ) የማይፈልግ ሰውም በዚሁ መንገድ ያግደዋል።

ስምንተኛ፦ ከአፕት ውጪ የሚገባው

ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ አምጪ)፣ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት)፣ ወይም ከድረ ገጽ ስክሪፕት አውርዶ በቀጥታ በሩት ማስኬድ። እነዚህ የጓሮ በሮች ናቸው፤ አፕት አያያቸውም፣ አያዘምናቸውም። በመጋቢት 2016 በፈረንጆቹ ሌፍት-ፓድ የሚባል የ11 መስመር ኮድ ባለቤቱ ከኤንፒኤም ላይ ሲያነሳው በዓለም ላይ ስንት ፕሮጀክት ቆመ። ሥራው ከጽሑፍ በስተግራ ክፍት ቦታ መጨመር ብቻ ነበር።

ፓይተን ከፈለጋችሁ ላይብረሪውን መጀመሪያ ከዴቢያን ፈልጉ፤ ስማቸው «ፓይተን3-» ብሎ ይጀምራል። ከዴቢያን 12 ጀምሮ ፒፕ ራሱ ሲስተሙ ላይ በቀጥታ አልጭንም ይላል፤ ጥሩ አድርጓል። ከዚያ በፊት ግን የፓይተንን የራሱን ጓዳ እዩ። ኤስኪውላይት፣ ሲኤስቪ፣ ኢሜይል መላኪያ፣ ሁሉም ውስጡ አለ።

ዘጠነኛ፦ ያወረዳችሁትን አትጣሉ

ይሄ ለኛ አገር ኢንተርኔት ወርቅ የሆነ ነገር ነው። «አፕት» ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ፋይል ይሰርዛል። የቀድሞው «አፕት-ጌት» ግን «/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ልትጭኑ ከሆነ በአፕት-ጌት ጫኑና ፎልደሩን በፍላሽ ውሰዱ። እትሙ አንድ ዓይነት ከሆነ እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ያው ቦታ አስቀምጡት፤ እንደገና አያወርድም። አምስት ስድስት ኮምፒውተር ላለው ቤተ ሙከራ ደግሞ አፕት-ካሸር-ኤንጂ አለ፤ አንዱ ያወረደውን ለሁሉም ያካፍላል። እሱ ትርፍ የማይባል ትርፍ ነው።

አሥረኛ፦ ቆጠራ

ፋሲል ግቢን አስቡት። ፋሲለደስ ሠራ። ቀጥሎ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ፣ ሁሉም የየራሱን ሕንጻ ጨመረ። ለግቢው አምሮበታል። አስተዳዳሪ የተቀያየረበት ሰርቨርም እንደዚያው ይሆናል፣ እሱ ላይ ግን አያምርም። አንዱ ማሪያዲቢ ያስገባል፣ ሌላው ፖስትግሬስ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይፈራና አይነካም።

በየሁለት ሦስት ወሩ ሦስት ነገር አያለሁ። «አፕት-ማርክ ሾውማኑዋል» በእጅ የተጫኑትን ይዘረዝራል፤ ኢንስቶለሩ ያስገባቸውም ይቀላቀሉበታል። «ኤስኤስ -ቲኤልኤንፒ» የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ወደብ እንደሚጠብቅ ያሳያል። የኛ ላይ 22፣ 80፣ 139 እና 445 ብቻ መታየት አለባቸው። አምስተኛ ካየሁ ማን እንደሆነ አጣራለሁ። የመጣበትን ምክንያት ለማወቅ «አፕት-ካሽ አርዲፔንድስ --ኢንስቶልድ» ብሎ ስሙን መስጠት ነው፤ ማን እንደጠራው ይነግራችኋል። በመጨረሻ ትርፉን «አፕት ኦቶሪሙቭ --ፐርጅ» ያወጣዋል።

ማውጣት ላይ ግን እጃችሁ አይፍጠን። አንድ ማታ አዘዞ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኤስኤስኤች ገብቼ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። ደብሊውፒኤ-ሰፕሊካንት የሚል አየሁ። «ይሄ የላፕቶፕ ነገር ሰርቨር ላይ ምን ይሠራል» አልኩና አወጣሁት። ሱቁ ውስጥ ገመድ አልተዘረጋም፤ ሰርቨሩ የሚገናኘው በዋይፋይ ነው። ደብሊውፒኤ-ሰፕሊካንት ማለት ደግሞ ዋይፋዩን የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው። ተርሚናሌ ቀጥ አለ። በነጋታው በጠዋት ታክሲ ይዤ ፒያሳ፣ ከተሰነጠቀው ስክሪን ፊት። ፓኬጁን በፍላሽ ነው የመለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ማውጣት የምሠራው ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ነው። መጀመሪያ በ«-ኤስ» አስመስላለሁ።

ላለመጫን ስትሉ ደግሞ የማይቀረውን አትተዉ። አንአቴንድድ-አፕግሬድስ የደኅንነት ዝማኔን በራሱ ይጭናል። ፓይተንን ከነጓዙ ይዞ ነው የሚመጣው። ይምጣ። የአጎቴ ልጅ በየሳምንቱ ገብቶ አያዘምንም፣ እኔም እረሳለሁ። አጃቢ ፈርታችሁ ከሶርስ ኮድ ራሳችሁ አትገንቡም፤ ያን ጊዜ የዝማኔው ዕዳ ሙሉ በሙሉ የናንተ ይሆናል።

አሁን የሱቁ መሳቢያ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። በእጄ የጫንኳቸው ስማቸው በግራ፣ ምክንያታቸው በቀኝ። አሥራ ሁለት ናቸው። ኦፕንኤስኤስኤች፣ «ከቤት ለመግባት»። ሳምባ፣ «ለልጆቹ ፎልደር»። ደብሊውፒኤ-ሰፕሊካንት፣ «እንዳትነካው!» በቀይ እስክሪብቶ። የመጨረሻው ኤችቶፕ ነው፤ የሚሮጡትን ፕሮግራሞች በቀለም የሚያሳይ። ከአራቱ ሥራ የትኛውንም አያገለግልም። ከጎኑ «ደስ ስለሚለኝ» ይላል።